የሥሩ ዝገት

ሶኖዳ ያሱሄይ ጎራዴያቸውን በሚያጸዱበት ቀን አይናገሩም። ትንፋሽና ምራቅ ብረቱን እንዳይነካው አንዲት እጥፍ ወረቀት በከንፈራቸው ይይዛሉ። ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ለጎራዴው እጅ ከነሡ በኋላ ከአፎቱ ቀስ ብለው ይስቡታል። ሚስታቸው ፉሚዮ ያን ቀን ይወዱታል። ባላቸው የማይመልሱላቸው ያን ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ የከረመውን ነገር ሁሉ ከወጥ ቤት ሆነው ያወርዱታል።

«ለሱ የሐር ከረጢት፤ ለኔ የጥጥ ካልሲ» ይላሉ። «ለሱ የቅርንፉድ ዘይት፤ ለኔ የወገብ ፕላስተር። ዝም አልክ? እንግዲያው አምነሃል ማለት ነው።»

ያሱሄይ ወረቀቱን እንደነከሱ በአፍንጫቸው ይስቃሉ።

ጎራዴው አጭር ነው፤ ክንድ ከስንዝር ቢሆን ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት እዚሁ በኩማ ወንዝ ዳር ይኖር የነበረ ናሪሳዳ የሚባል ሰው ቀጥቅጦ ሠራው። ናሪሳዳ ዝነኛ አልነበረም፤ መጽሐፍ ውስጥ ስሙ ቢገኝ ሁለት መስመር ነው። በስለቱና በእጀታው መካከል የሚገባውን ክብ የብረት ጋሻ ደግሞ የሠራው ከወንዙ ማዶ የነበረ ሌላ ቤት ነው። በጋሻው ላይ ሁለት የሸምበቆ ቅጠሎች ተፈልፍለውበታል፤ ነፋስ ወደ አንድ ጎን አጋድሟቸው እዚያው የቀሩ ይመስላሉ። መንግሥት ተለውጦ፣ ጦርነት መጥቶ ሄዶ፣ የስንቱ ቤት ጎራዴ ተሰብስቦ ባሕር ሲጣል፣ ስለቱና ጋሻው አልተለያዩም።

ያሱሄይ ያገኙት በወጣትነታቸው፣ ከሩዝ አረቄ የሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ እንፋሎት ሲጠጡ በሚውሉበት ዘመን ነው። ለሞተር ብስክሌት ያጠራቀሙትን ይዘው ወጥተው ጎራዴ ይዘው ተመለሱ። እናታቸው «ነገ በዚህ ላይ ተቀምጠህ ነው ሥራ የምትሄደው?» ብለው ጠየቋቸው። እንደተባለውም ያሱሄይ ጡረታ እስኪወጡ ፋብሪካ የሄዱት በእግራቸው ነው።

በወር አንድ ጊዜ የጎራዴ ወዳጆች ማኅበር በሰፈሩ አዳራሽ ይሰበሰባል። ድሮ ክፍሉ አይበቃቸውም ነበር፤ አሁን ሁሉም በአንድ ታክሲ ይጫናሉ። ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ባለ ተራው ለጎራዴው እጅ ይነሣል፣ ስለቱን ከጫፍ እስከ አንገት ያያል፣ ከዚያ የቀርከሃውን ችንካር ገፍቶ እጀታውን ያወልቃል። እጀታው ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው፣ ያልተሳለው የብረቱ ሥር ላይ የሠሪው ስም ተቀርጿል። ዝገቱም ያለው እዚያ ነው። ስለቱ ላይ የነጥብ ያህል ዝገት ቢታይ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ የሥሩ ዝገት ግን አይዘየትም፣ አይጠረግም፣ አይነካም። በየዘመኑ ከነበረው አየርና ከያዙት እጆች ላብ ጋር እየጠቆረ የመጣ ነው፤ ከቀይ ባቄላ እንደሚሠራ ጥቁር ጣፋጭ ወፍሮና ለስልሶ ሲታይ የብረቱን ዕድሜ ይናገራል። የተቀረጸውን ስም እውነት የሚያደርገውም እሱ ነው። ይህን በማኅበሩ ውስጥ ማንም ለማንም ነግሮት አያውቅም። ገላውን የሚያጥቡትን ሕፃን ራሱ ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ያዙት ብሎ ለእናት የሚነግር የለም።

ከማኅበርተኞቹ አፋቸው የማያርፈው ናጋቶሚ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ጸጉር አስተካካይ፣ ከያሱሄይ ጋር አንድ ክፍል የተማሩ።

«ያሱ፣ ስትሞት ይሄን ማን ይወስደዋል?» አሉ አንድ ቀን፣ የናሪሳዳን ሥር ወደ መስኮቱ ብርሃን እያዞሩ።

«አንተ።»

«እኔ እቀድምሃለሁ። ሐኪሜን ጠይቀው፤ ቀኑን ቆርጦልኛል፣ የሚቀረው ሰዓቱ ነው።» ሥሩን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «የልጅ ልጄን የኔን ትወስዳለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሐብሐብ ይቆርጣል ወይ አለኝ። ይቆርጣል አልኩት። ቤታችን ቢላ አለን ብሎኝ ሄደ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ቀጥሎ ግን ሁሉም ሻያቸውን ተመለከቱ። ያሱሄይ አንድ የሙዚየም ሰው ጠይቀው ነበር፤ ሰውየው ደጋግመው እጅ ነሥተው ዕቃ ቤታቸው መሙላቱን ነገሯቸው። አንድ ነጋዴም ጠይቀው ነበር። ጋሻው ለብቻው፣ ስለቱ ለብቻው ቢሸጥ ይሻላል አላቸው። ያን ቀን ያሱሄይ ምሳ አልበሉም።

የሚቀራቸው አንድ ልጃቸው ሂሮአኪ ነው። ሂሮአኪ ወንዙ ወደ ባሕር በሚገባበት ከተማ የሩዝ ማጨጃ ማሽን ይጠግናል። ሕፃን ሳለ አባቱ ጎራዴውን በሚያጸዱበት ቀን ከተንሸራታቹ በር ኋላ ተንበርክኮ በስንጥቁ ያይ ነበር፤ ሲጠይቅ መልስ የለም፣ እጁን ሲሰድ አባቱ ዓይናቸውን ያፈጣሉ። ወረቀቱ ከአፋቸው ሲወጣ የምትወጣው ቃል «አትንካ» ናት። ካደገ በኋላ ልንካ ብሎ አልጠየቀም።

በአዲስ ዓመት ሊጠይቃቸው በመጣ ጊዜ ያሱሄይ እንደምንም ደፈሩ።

«ሂሮ፣ ጎራዴውን አንተ ብትወስደው ምን ይመስልሃል?»

ሂሮአኪ አፉ ውስጥ የነበረውን የሩዝ ሙልሙል አላመጠ፣ አላመጠ። «አስብበታለሁ፣ አባዬ።»

አልፈልግም ማለቱ እንደሆነ አባትም እናትም ገብቷቸዋል። ፉሚዮ ብርቱካን ይላጡ ጀመር።

በዚያው ዓመት የዝናቡ ወቅት ሲመጣ አላባራ አለ። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ «ከቤት ውጡ» እያለ ይለፍፍ ጀመር። ወንዙ መንገዱን ተሻግሮ ደጃቸው ደርሶ ነበር። ፉሚዮ የመድኃኒት ከረጢታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ።

«ና እንጂ።»

«አንዴ ቆዪ።»

«ጎራዴ ይዘህ መጠለያ ልትገባ ነው? ያ ሁሉ ሰው ደንግጦ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ይገባል።»

ያሱሄይ ወደ ውስጠኛው ክፍል ተመለሱ። ከወለሉ ሥር የገባው ውሃ የሣር ምንጣፉን አንሳፍፎት ነበር፤ ሲረግጡት ከዳቸው። ወደቁ። የዳሌያቸው አጥንት ሲሰበር ድምፁን ራሳቸው ሰሙት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አዝለው ሲያወጧቸው ዓይናቸው ጎራዴው ካለበት ቁም ሳጥን አልተነቀለም። ሳይረፍድ ውሃው የቤቱን ጣራ ነካ።

ውሃው የጎደለ ዕለት ሂሮአኪ አካፋ ይዞ መጣ። ሆስፒታል ወደተኙት አባቱ የደወለው ከዚያው ከጭቃው ውስጥ ቆሞ ነው።

«ቤቱ ቆሟል። ውስጡ ግን እንዳታስበው። ማቀዝቀዣው በእናቴ አልጋ ላይ ተኝቷል።»

«ቁም ሳጥኑስ?»

«ተገልብጧል።» አካፋውን ሲያስቀምጥ ተሰማ። «ጎራዴውን አግኝቼዋለሁ። ምን ላድርገው?»

ያሱሄይ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ስማኝ። አፎቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ይሆናል፤ በጉልበት አትሳብ። የስለቱን ጎን ወደ ላይ አድርገህ በዝግታ። ከወጣልህ እጀታው ላይ የቀርከሃ ችንካር አለች፤ በትንሽ መዶሻ ግፋት። እጀታውን አውልቅ፤ ጋሻውን አውጣ፤ ከጋሻው በላይ ስለቱን የሚያቅፈውን የመዳብ አንገትጌም አውጣ። ጭቃውን በንጹሕ ውሃ እጠብ። ቧንቧ አለ?»

«የለም።»

«ከቤተ መቅደሱ በላይ ምንጭ አለ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ቶሎ አድርቀው። ዘይት ቀባው፤ ስስ አድርገህ። ስለቱን በባዶ እጅህ አትንካው፤ ምንም ነገር አትፈግፍግበት።»

«ሌላስ?»

ያሱሄይ አሰቡ። ሌላ ነገር አልመጣላቸውም። «ሌላ የለም» አሉ።

ማምሻውን ሂሮአኪ እንደገና ደወለ። ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ልጅ ሳለ ወንዝ ዳር ዓሣ ሲያይ እንደሚያንሾካሹከው ነበር የሚያወራው።

«አባዬ፣ ስለቱ ዳር ላይ ጭጋግ ነገር አለ። ጠዋት ተራራው ወገብ ላይ እንደሚንጠለጠለው። መጀመሪያ ዘይቱ መስሎኝ ነበር። ዘይቱ አይደለም፤ ውስጡ ነው ያለው።»

«ውስጡ ነው።»

«ይሄን ነው ስታይ የኖርከው?»

«ይሄን ነው።»

«ለምን አላሳየኸኝም?»

ያሱሄይ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዞሩ። ከስልኩ ማዶ ሂሮአኪ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ጋ ይሁን። ከሆስፒታል እስክትወጣ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላም። እወስደዋለሁ።»

ያሱሄይ ፊታቸውን በፎጣ ሸፈኑ። ነርሷ ዳሌዎን አመመዎት ወይ ስትላቸው፣ ማስረዳቱ ስለሚረዝም፣ አዎ አሏት።

ከሆስፒታል ሲወጡ የዝናቡ ወቅት አልፎ የዛፉ ቅጠል ቀልቷል። ቤታቸው ፈርሶ የሚሠራ ስለሆነ፣ ለእሳቸውና ለፉሚዮ በአንድ ትምህርት ቤት የኳስ ሜዳ ላይ ከተደረደሩት ጊዜያዊ ቤቶች አንዷ ደረሰቻቸው። እሑድ ሂሮአኪ መጣ። ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ አባቱ ፊት ተንበረከከና ነጭ ጨርቅ ፈታ። ስለቱን፣ ጋሻውን፣ አንገትጌውን፣ ሁሉንም ለየብቻ ደርድሮ አመጣቸው።

ስለቱ ላይ ውሃው ጥቂት ነጠብጣብ ትቶበታል፤ ግን ድኗል። ያሱሄይ ዓይናቸው ከጫፉ ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። አንገቱን አልፎ ሥሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ሥሩ ነጭ ነበር። አዲስ ማንኪያ ይመስል ያበራል። ናሪሳዳ የጻፋቸው የስሙ ፊደላት ጠርዛቸው ተበልቶ፣ ሰው በውሃ ላይ በጣቱ የጻፋቸው ያህል ሳስተዋል። ጋሻውም ነጭ ነው። ያ የሌሊት ሰማይ የመሰለ ብረት የለም፤ ሸምበቆዎቹ ከቆርቆሮ ተቆርጠው የወጡ ይመስላሉ።

«ስለቱን አልፈገፈግኩትም፤ እንዳልከኝ ብቻ ነው» አለ ሂሮአኪ። «ሥሩ ግን ብታየው፣ ጥቁር ዝገት በልቶት ነበር። ሥራ ቤት ወስጄ የሽቦ ብሩሽ ሞተር ላይ ገጥሜ ለቀቅኩበት። ጋሻውንም እንደዚያው። ዝገት ካልገደሉት አይተኛም። ከሥራ ስወጣ እያመሸሁ ነው የጨረስኩት።» ፊቱን ቀና አደረገ። «እንዴት ነው?»

ፉሚዮ ከምድጃው ዘወር ብለው ባላቸውን አዩ። ጎራዴ አያውቁም፤ የባላቸውን ጀርባ ግን ያውቃሉ። ማንኪያው እጃቸው ላይ ቀረ።

«ብዙ ደክመህበታል» አሉ ያሱሄይ።

«ብዙም አይደል።»

«ደክመህበታል። አመሰግናለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሂሮአኪ በየእሑዱ መምጣት ጀመረ። ዘይቱን እንዴት እንደሚያሳሳ፣ ወረቀቱን ከአንገት ወደ ጫፍ እንጂ ወደ ኋላ እንደማይስብ ተማረ። እጁ የሠለጠነ ስለሆነ አንድ ጊዜ ያሳዩትን አይደግሙለትም። ስለቱን ወደ መብራቱ አዘንብሎ «እዚህ ጋ ጭጋጉ ይቀደዳል አይደል?» ሲል ያሱሄይ አጠገቡ ተጠግተው «ይቀደዳል፤ ከታች ደግሞ ይገጥማል» ይላሉ። ትከሻቸው ይነካካል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ተቀምጠው አያውቁም። ፉሚዮ ከወንዙ የወጣ ዓሣ በጨው ጠብሰው ያቀርባሉ፤ አባትና ልጅ ዓሣው ቀዝቅዞ ያስታውሱታል። ሂሮአኪ ሲሄድ ያሱሄይ እጀታውን መልሰው ያስገባሉ። ሥሩን ላለማየት ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ልጁ የተቀበለው ይህን ነው፤ የሰጡት ግን ባለ ጥቁር ሥሩን ነበር። እሱ አሁን የለም።

ሌሊት ሌሊት፣ ቢነግሩት ምን እንደሚሆን ያስቡታል። ባይነግሩት ደግሞ አንድ ቀን፣ እሳቸው በሌሉበት፣ ኩራቱን ይዞ አንድ የማያውቀው ሰው ፊት ይዘረጋዋል። ሁለቱንም መንገድ እየሄዱ ይመለሳሉ፤ ጠዋት ሲሆን ዝምታውን ይመርጣሉ።

አንድ እሑድ ናጋቶሚ ሳይጠሩ መጡ። የእሳቸው ጎራዴዎች ፎቅ ላይ ስለነበሩ ተርፈውላቸዋል።

«ያሱ፣ ቤትህ ጠበበች መሰለኝ፤ ወይስ አንተ ወፈርክ» አሉ ገና ከበሩ። «ሂሮ ደግሞ በጸጉሩ ላይ ምን አድርጓል? ይሄን የቆረጠው ሰው ከኔ ጋር ቢጣላ ነው።»

«እርስዎ ጡረታ ወጥተው ነው እንጂ» ሳቀ ሂሮአኪ። ከዚያ፣ ያሱሄይ ሳይቀድሙት፣ ተነሥቶ የሐር ከረጢቱን አመጣ። «ይዩልኝ። እኔ ነኝ የምጠብቀው አሁን።»

«አንተ?» ናጋቶሚ ወደ ያሱሄይ ዞሩ፤ ፊታቸው በደስታ ተሞልቶ። «አንተ ዕድለኛ። ዝም ብለህ ከረምክ?»

ያሱሄይ «ሌላ ጊዜ» አሉ። «ዛሬ ብርሃኑ ጥሩ አይደለም።»

«ብርሃኑማ ጥሩ ነው።» ናጋቶሚ እጅ ነሡ። ስለቱን እስከ አንገቱ አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ችንካሯን ገፉ። እጀታው ወለቀ።

አፋቸው የማያርፈው ናጋቶሚ ምንም አላሉም። ሥሩን አንድ ጊዜ ወደዚያ፣ አንድ ጊዜ ወደዚህ አዞሩት። ጋሻውን ወደ መስኮቱ አንሥተው መለሱት። ሁሉንም ከየቦታው አስገቡ። ጎራዴውን ከፊታቸው አኑረው እጅ ሲነሡ ግንባራቸው ወለሉን ሊነካ ጥቂት ቀረው፤ ከዚያም ቶሎ አልተነሡም።

«ስለቱ ተርፏል» አሉ በመጨረሻ። «መልካም ነው።» ሻያቸውን ሳይጨርሱ፣ ባቡር ያመልጠኛል ብለው ሄዱ። የሰፈሩ ሐዲድ በጎርፉ ከተቆረጠ ወዲህ ባቡር እንደማያልፍ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

ሂሮአኪ በሩን ዘግቶ ተመለሰ፤ አልተቀመጠም።

«ምን አድርጌ ነው?»

«ምን አደረግክ? ደክሞት ነው። ያረጀ ሰው ነው።»

«አባዬ፣ እኔ ማሽን ጠጋኝ ነኝ። ሰው ያለቀለትን ነገር ከፍቶ ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። ደንበኛ ፊት ራሴም እንደዚያ ሆኜ አውቃለሁ።»

ፉሚዮ ውሃውን ዘጉት። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ወጥቶ የሚቆምበት የለም። ያሱሄይ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩት። ሊዋሹት ፈልገው ነበር፤ ግን ዓይኑ ለሥራ የሠለጠነ ዓይን ነው። ነገሩት። ዝገቱ ምን እንደነበር፣ ስንት ሰው ሳይነካው እንዳለፈ፣ አሁን ያ ስም ትናንት ተጻፈ ቢባል የሚከራከር እንደሌለ ነገሩት። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚናገሩት፤ ያን ያህል ዝቅ ማድረጋቸው ግን ነገሩን አላሳነሰውም።

ሂሮአኪ እጆቹን አየ። በጥፍሮቹ ሥር ያለው የማሽን ቅባት ታጥቦም አይለቅም።

«ሌላስ ብዬህ ነበር» አለ። «ስልክ ላይ። ሌላስ ብዬ ጠየቅኩህ።»

«ጠይቀኸኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የማያውቅ ሰው መኖሩ አልታሰበኝም።»

ሂሮአኪ የሳቀ መሰለ፤ ግን ሳቅ አልነበረም። «ከማን ልወቅ? ልጅ ሆኜ አትንካ ነበር የምትለኝ። የትኛው እንደሚነካና የትኛው እንደማይነካ ለይተህ አልነገርከኝም። ሁሉንም አትንካ አልከኝ፤ እሺ አልኩ። አንድ ቀን ንካ አልከኝ፤ ነካሁ።»

«ያጠፋህ አንተ አይደለህም።»

«እሱማ ይብሳል።» ጃኬቱን አነሣ። «እነዚያን እሑዶች ሁሉ ዝም ብለህ ታየኝ ነበር።»

«ደስ ብሎኝ ነበር የማይህ።»

«እኔም ደስ ብሎኝ ነበር» አለ ሂሮአኪ። ጫማውን ሲያስር ጊዜ ወሰደበት። «ከዚህ በኋላ ግን ከአፎቱ ባወጣሁት ቁጥር ሥሩ ነው የሚታየኝ። የሚያውቅ ሰው ፈልገህ ስጠው።»

«የሚያውቅ ሰው የለም፣ ሂሮ። ያሉትን አይተሃቸዋል።»

ሂሮአኪ እናቱን ተሰናብቶ ወጣ። መኪናው ሞተሩ እስኪሞቅ ደጃፉ ላይ ቆየ፤ ፉሚዮ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው፣ ይመለስ እንደሆነ አዩ። አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲህም ይመጣል። ስለ አዲሱ ቤት ጣራ፣ ስለ መሠረቱ ከፍታ ያወራል፤ የአባቱን ምርኩዝ የጫፍ ጎማ ቀይሮላቸዋል። የሐር ከረጢቱ ካለበት መደርደሪያ በኩል ግን አይቀመጥም። ናጋቶሚ በቀጣዩ ስብሰባ ጎራዴውን ይዘህ ና አላሏቸውም፤ ያሱሄይም አልሄዱም። ጋሻውንና ስለቱን ለየብቻ ልሽጥልህ ይል የነበረው ነጋዴ እንኳ አሁን ቢጠራ የሚያነሣው ይኖር እንደሆነ እንጃ።

የጊዜያዊዋ ቤት ግድግዳ የብርዱን ወራት ሁሉ ያልባል። አንድ ቀን ያሱሄይ እጀታውን ሲያወልቁ ነጩ ሥር ላይ አዲስ ዝገት አገኙ። የሚስማር ዝገት ነው፤ ቀይና ልል፣ ጣት ላይ የሚቀር። ስለቱ ላይ ቢሆን ምን እንደሚደረግ ያውቃሉ። የድሮው ዝገት ቢሆንም ያውቃሉ። ለዚህኛው ግን ማንም ያወጣው ደንብ የለም። ቢጠርጉት፣ ሂሮአኪ ያደረገውን እንደገና ማድረግ ነው። ቢተዉት፣ በዘመን ብዛት እስኪጠቁር የሚጠብቀው ሰው የለም።

«ራት ቀርቧል» አሉ ፉሚዮ።

ያሱሄይ ሥሩን በጭናቸው ላይ እንደያዙ ቆዩ፤ ምግቡም ቀዘቀዘ።